የጋሽ ፍሬን ራስ ምታት

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚመጡት ወጣቶች እሱ በሌለበት "ጋሽ ፍሬን" ይሉታል። በሚያሠለጥንባት ትንሽ ቀይ መኪና ውስጥ፣ ከተማሪው ጎን ባለው ወንበር ሥር፣ የእሱ ብቻ የሆነ ሌላ ፍሬን አለ። ተማሪው ደንግጦ ነዳጅ ሲሰጥ እሱ ፍሬኑን ይይዛል። ቀኑን ሙሉ እግሩን እዚያች ፔዳል ላይ እንዳንጠለጠለ፣ አንገቱን እንዳሰገገ፣ ጥርሱን እንደነከሰ ይውላል። ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ፊልም ሲያይ እንኳ፣ አንዱ መኪና ኩርባ ላይ ፈጥኖ ከታጠፈ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል። መጋረጃ ሰፊዋ ሚስቱ ከመርፌዋ ቀና ሳትል "ደርሰናል፣ ውረድ" ትለዋለች።

ጩኸት አያውቅም። አንዲት ተማሪ ወደ ኋላ ስትነዳ የቆሻሻ ገንዳ ገጭታ ማልቀስ ስትጀምር "አይዞሽ፣ እሱም ቦታውን አልያዘም ነበር" ብሎ መሐረብ የሰጣት ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ራስ ምታቱ ቀስ በቀስ ነጭናጫ ያደረገው።

ራሱን ማመም የጀመረው በወጣትነቱ ነው። ያኔ ራስ ምታቱ እንደ እንግዳ ነበር፤ መጥቶ፣ ቆይቶ፣ ተሰናብቶ ይሄዳል። በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ግን ቤተኛ ሆነ። ጠዋት አብሮት ይነሳል፣ መኪና ውስጥ አብሮት ይገባል። ግንባሩን እንደ ጠባብ ባርኔጣ ጨምድዶ ይይዘዋል። መጀመሪያ ሲያመው ክኒን ይውጥ ነበር። እያደር ግን እንዳያመው መዋጥ ጀመረ። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ተራ ማስታገሻ ነው፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ያስቀምጠዋል፤ ማንም መድኃኒት ብሎ አይቆጥረውም። እሱም አልቆጠረውም።

ይህን ሁሉ ችሎ ይኖር ነበር፤ የጭነት መኪና የሚያሠለጥነው ባልደረባው ባይታመም ኖሮ። ያ ሰው ረጅም፣ ግዙፍ፣ ሲስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ነበር። አንድ ጠዋት በማሠልጠኛው ግቢ ቆመው ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆው ከእጁ አመለጠ፤ እሱም መሬት ላይ ወደቀ፤ መላ ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ጭንቅላቱ ውስጥ እጢ ተገኘበት። ዓመቱ ሳይሞላ ቀበሩት። ከቀብር ሲመለሱ ጋሽ ፍሬን ወደ ሚስቱ ዞሮ "እሱም እኮ ራሴን ያመኛል ይል ነበር" አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሱን ባመመው ቁጥር ልቡም አብሮ ድው ይል ነበር።

በሳምንቱ ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ሄደ። የቤተሰባቸው ሐኪም ፀጉሯን ሽበት የወረረው፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ የዓይን መመርመሪያ ፊደላት። መስኮቱ በጎረቤቱ የጎማ ጥገና ቤት ላይ ስለሚከፈት ምርመራው አልፎ አልፎ በመዶሻ ድምፅ ይታጀባል።

"ዶክተር፣ ኤምአርአይ እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት" አላት፣ ገና ሳይቀመጥ።

"ተቀመጥ፤ መጀመሪያ አንተን ልይህ።"

ብዙ ጠየቀችው። በድንገት ነው ወይ የጀመረህ? ጠዋት ያስመልስሃል? ዓይንህ ይደበዝዛል? እጅህ ይዝላል? ትኩሳት አለህ? ከስተሃል? ለሁሉም የለም አለ። ግፊቱን ለካች። ክፍሉን አጨልማ በትንሽ መብራት የዓይኑን ውስጥ አየች፤ ትንፋሿ ጉንጩ ላይ እስኪሰማው ድረስ ተጠግታ ረጅም ጊዜ አየች። ጉልበቱን በመዶሻ መታ መታ አደረገች። ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን በጣቱ እንዲነካ አዘዘችው። በመጨረሻም ወለሉ ላይ ባለው የጡብ መስመር፣ ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ እንዲሄድ አደረገችው።

"መስመር ጠብቆ መሄድ እንኳ እኔ ነኝ የማስተምረው" አለ።

"ዛሬ ተፈታኙ አንተ ነህ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ሳበች። "አሁን እውነቱን ንገረኝ። ማስታገሻ በሳምንት ስንቴ ትወስዳለህ?"

"አልፎ አልፎ።"

"ኪስህ ውስጥ አሁን አለ?"

ከሸሚዙ ኪስ አንድ ማሸጊያ አወጣ። ትንሽ አሰበና ከሱሪው ኪስ ሌላ፤ ከጃኬቱ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ፣ ግማሹ የተበላ። ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ ሲያይ ራሱም አፈረ።

"መኪናው ውስጥስ?"

በመስኮቱ ወደ ጎማ ጥገና ቤቱ ማየት ጀመረ።

"ይበቃኛል፤ ካልሲህን አላስወልቅህም" አለችው። "ስማኝ። ይህ ክኒን ለአንድ ቀን ሕመም ደግ ነው። በየቀኑ ሲሆን ግን ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ከሰውነትህ ሲወጣ ራስህ ይጮኽብሃል፤ አንተ ትውጥለታለህ፤ ዝም ይላል፤ ነገ ደግሞ ቀድሞ ይጮኻል። ያንተ ነገር እንደዚያ ይመስለኛል።"

"እና ምን ያዙልኛል?"

"ምንም። የምትወስደውን ታቆማለህ። ይህ ዓይነቱ በአንድ ጊዜ ቢቆም ጉዳት የለውም። ግን አልዋሽህም፤ መጀመሪያ ላይ ይብስብሃል። አንድ ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ትሰቃያለህ። እረፍት ውሰድ። ውሃ ጠጣ፣ ምሳህን አትዝለል። ካስፈራህ ደውልልኝ። ባያስፈራህም ከሁለት ሳምንት በኋላ ና።"

"ኤምአርአዩስ?"

"አሁን አይጠቅምህም። የሰው ጭንቅላት በመሣሪያ ሲታይ ብዙ ጊዜ የማይረባ ነገር አይጠፋበትም። አንድ ነጥብ፣ ወይም ውሃ የቋጠረች ትንሽ ነገር። ይዘናት ኖረን ይዘናት የምናረጅ። ወረቀት ላይ ከተጻፈች ግን እንቅልፍ ትነሳለች፤ ከዚያ ሌላ ምርመራ፣ ከዚያ ሌላ ሐኪም። የሚያሠጋ ምልክት ባገኝብህ ኖሮ ዛሬውኑ እኔው ነበርኩ የምልክህ።"

ጋሽ ፍሬን ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ "መድኃኒት ፍለጋ ሄጄ ያለኝንም ነጥቃኝ መጣሁ" አላት።

ነገሩን የሰማችው ታላቅ እህቱ ግን አልሳቀችም። እቴቴ ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ተማሪ ቤት አድርሳ ያሳደገችው እሷ ናት። እስከ ዛሬም ድረስ ሲያስነጥስ ከሌላ ሰፈር የምትሰማ ይመስለዋል። በማግስቱ ከተፍ አለችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አፈጠጠችበት።

"ምንም የለብህም አለችህ? ጭንቅላትህን ከፍታ አይታዋለች?"

"እቴቴ፣ መርምራኛለች እኮ።"

"በመዶሻ! ሰው ጎማ ነው እንዴ?" ከጎማ ጥገና ቤቱ ጎን ያለውን ክሊኒክ ታውቀዋለች። "የማውቃት ልጅ ራጅና ኤምአርአይ የሚያነሱበት ቦታ ትሠራለች። ቀጠሮ አስይዤልሃለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ባይሆን ቶሎ እንዲያደርጉልህ እለምናለሁ።"

እሱም አልተቃወመም። የተናደደባት ሐኪም ያልሰጠችውን እህቱ ስትሰጠው ደስ አለው እንጂ። ሚስቱ ግን እቴቴ ከሄደች በኋላ መጋረጃውን እያጠፈች እንዲህ አለች፦

"ቀጠሮው እስኪደርስ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ የዶክተሯን ለምን አትሞክረውም? ክኒኑ እንደሆነ ሲያድንህ አላየሁም።"

ሞከረው። ከሥራው እረፍት ወስዶ፣ ኪሶቹን ሁሉ አራግፎ፣ ክኒኖቹን ለሚስቱ አስረከበ።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ማንኛውም ቀን አለፈ። በሁለተኛው ግን ራሱ የሚፈነዳ መሰለው። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጎ፣ ግድግዳውን ይዞ ተኛ። የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ስለረበሸው ሚስቱ ሥራዋን ይዛ ጎረቤት ሄደች። በሦስተኛው ቀን ሾርባ ይዛለት ስትገባ "ማንኪያውን አታንኳኪው!" ብሎ ጮኸባት። በኑሯቸው ጮኾባት አያውቅም። ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። እሱ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ የገዛ ድምፁ ቆጨውና እንደምንም ግድግዳ እየተደገፈ ወጥ ቤት ድረስ ሄደ።

"ይቅር በይኝ።"

"ሂድ ተኛ። የጮኸው ራስ ምታትህ ነው፤ አንተ አይደለህም" አለችው።

እቴቴ የመጣችው በዚሁ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጨለማው ክፍል በር ላይ ቆማ ወንድሟን አየችው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ማሸጊያ አወጣች።

"አንዷን ብቻ፣ ወንድምዓለም። በሞቴ።"

ሚስቱ መሐል ገባች። እንግዳ እንደምትቀበል ፈገግ እያለች፣ ግን በሩን በትከሻዋ ሞልታ። "እቴቴ፣ አይስጡት። አንዷን ከወሰደ እንደገና ከአንድ ሊጀምር ነው።"

"አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ እኔ ግን እናቱም ጭምር ነኝ!"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምለምንዎት።"

ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ተፋጠው ቆሙ። ከአልጋው ላይ ደከም ያለ ድምፅ መጣ፦ "ኧረ እባካችሁ፣ ስትጣሉ እንኳ ቀስ ብላችሁ ተጣሉ።" ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። እቴቴ አልሳቀችም፤ ክኒኑን ግን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

እህቱ ስትሄድ ስልኩን አንስቶ ክሊኒክ ደወለ። "ዶክተር፣ ብሶብኛል። የነገሩኝ ይሄው ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው? እኔ መለየት አልቻልኩም።"

"መለየት የእኔ ሥራ ነው። ሚስትህ ታምጣህና ልይህ።"

የዚያኑ ዕለት እንደገና መረመረችው። የዓይኑን ውስጥ አየች፤ እጁን አስጨበጠችው፤ በጡቡ መስመር ላይ አስኬደችው፤ አንዱንም አላለፈችም። "ይሄ የነገርኩህ ነው" አለችው በመጨረሻ። "ከባዱ ላይ ደርሰሃል። ማቆም ይከብዳል ብዬህ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እያለፍከው ነው እልሃለሁ።" ሌላ ምንም አልሰጠችውም። ሲመለሱ ግን እርምጃው ትንሽ ቀለል ብሎ ነበር። የተሻለው ራስ ምታቱ አልነበረም፤ ፍርሃቱ ነበር።

ሕመሙ በአንድ ጊዜ ጥሎት አልሄደም። አንድ ቀን ጋብ ይላል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው መሻሉ የገባው። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሁለት መኪኖች መሐል ማቆም እያስተማረ ነበር። ልጅቱ አንዴ ትጠጋለች፣ አንዴ ትርቃለች፣ መሪውን እንደ ወንፊት ታመላልሰዋለች። እሱም "ወደ ግራ፣ ሌላው ግራ" ይላል። በስንት መከራ ስታቆም ሁለቱም እጃቸውን አጨበጨቡ። ያኔ ድንገት ልብ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ራስ ምታቱ አላሰበም። ግንባሩን ነካ ነካ አደረገ። ባርኔጣው የለም። ልጅቱ "ጋሼ፣ አጠፋሁ እንዴ?" ስትለው "ኧረ በጣም ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው" ብሎ ደጋገመላት።

የእቴቴ ቀጠሮ ግን አልተረሳም። ዋዜማው ላይ "ጠዋት መጥቼ እወስድሃለሁ" ብላ ደወለች።

"እቴቴ፣ ተሽሎኛል። አልሄድም።"

ስልኩን ዘጋችበት። ጥቂት ቆይታ ራሷ መጣች። እንደምትቆጣው ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን እጇ ላይ አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች።

"እማዬን ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ነግሬህ አላውቅም። ሆዴን ሆዴን ትል ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ እጇን ይዤ ወሰድኳት። ሰውየው ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። 'ድካም ነው፣ ምንም የለባትም፣ ቤት ትረፍ' አለ። እኔም ደስ ብሎኝ መለስኳት። መንገድ ላይ እየዘለልኩ ነበር የምሄደው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃለህ።"

ጋሽ ፍሬን ይህን ሁሉ ዘመን አያውቅም ነበር። እናቱ ታማ መሞቷን እንጂ እህቱ ያን "ምንም የለባትም" የሚል ቃል ይዛ መኖሯን ማንም አልነገረውም። አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ።

"ነገ ያንን ቀጠሮ እንተወውና ዶክተሯ ዘንድ አብረን እንሂድ" አላት። "የምትጠይቂያትን ሁሉ ጠይቂያት። መልሷ ካላረካሽ ወደፈለግሽው ቦታ ውሰጂኝ፤ አፌን አልከፍትም።"

በማግስቱ እሱ፣ እቴቴና ሐኪሟ ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ጎረቤት ጎማ ይደበደባል። እቴቴ አገጯን ቀና አድርጋ ስለ እናቷ ተናገረች። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም፤ ማስረዳትም አልጀመረችም። እቴቴ ስትጨርስ "ሳይነካቸው?" ብላ ብቻ ጠየቀች።

"ከወንበሩ አልተነሳም አልኩዎት እኮ።"

ሐኪሟ ተነሳች። "ይምጡ፣ እዚህ ይቁሙ፤ የማየውን እንዲያዩ እፈልጋለሁ።" ወንድሟን እንደገና ከራሱ እስከ እግሩ መረመረችው፤ በዚህኛው ግን እያንዳንዱን ነገር ለእቴቴ እያስረዳች። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲኖር ብዙ ጊዜ በዓይን ውስጥ ምልክት እንደሚታይ፣ አንድ ወገን ቢደክም እጁ እንዴት ዝቅ ዝቅ እንደሚል። ጋሽ ፍሬን ክንዶቹን ዘርግቶ ቆሞ "ሱሪ ሊለካልኝ ነው የሚመስለው" ሲል እቴቴ ዝም በል ብላ ገሠጸችው።

"እና ብትሳሳቺስ?" አለች እቴቴ። አንቺ ማለቷን ራሷም አላስተዋለችም።

"ልሳሳት እችላለሁ" አለች ሐኪሟ። "ለዚያ ነው ተመለስ የምለው። ምንም የለብህም ብዬ ወደ ቤቱ አልሰደድኩትም፤ ምን እንደሚመስለኝ ነግሬው እየተከታተልኩት ነው። አሁን ደግሞ ለእርስዎም ልንገርዎት። ድንገት እንደ መብረቅ የሚወርድ ሕመም ቢመጣበት፣ ቢያንቀጠቅጠው፣ እጁ ወይም አፉ ቢከዳው፣ ዓይኑ ቢጋረድ፣ ጠዋት ጠዋት ቢያስመልሰው፣ ያን ቀን ሳያድር ይዘውት ይምጡ። ቀጠሮ አያስፈልግም።"

እቴቴ አንድ በአንድ ደግማ አለቻቸው። ሐኪሟ አንዱን አስተካከለችላት። ከዚያ እቴቴ ከቦርሳዋ ስልኳን ነጠቅ አድርጋ አወጣችና ክፍሉ ውስጥ ቆማ ደወለች። "የኔ ልጅ፣ የወንድሜን ቀጠሮ ለሌላ ሰው ስጪልኝ። ... አይ፣ ደህና ነው። ... ሐኪሟ እያየችው ነው።" ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞራ፣ አንቱታዋን መልሳ "ካስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ ራስ ምታቱ ጨርሶ አልጠፋም። በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ በተለይ ምሳውን ዘሎ ከዋለ ይመጣበታል። ጥላ ቦታ አስቁሞ ውሃ ይጠጣል፤ አንገቱን ያንቀሳቅሳል። በጣም ከጠናበት አንድ ክኒን ይውጣል፤ ለሚስቱም ይነግራታል። ተማሪዎቹ ላይ መነጫነጩ ቀርቷል።

እቴቴ በየጠዋቱ መደወል ጀመረች። "ደህና አደርክ" የለም፤ በቀጥታ "አላስመለሰህም? እጅህስ?" ትላለች። እሱም ጥርሱን እየቦረሸ "ሁለቱም እጄ ቦታው ላይ ነው" ይላታል። ይህ ለወራት ቀጠለ። አንድ ጠዋት ደውላ ስለ ቤቷ ጣሪያ ማፍሰስ፣ ስለ አናጢው መቅረት፣ ክፍሉ ሁሉ ባልዲ ስለ መሆኑ ስታማርር ቆይታ "በል ቻው" ብላ ዘጋች።

ስልኩን አስቀመጠ። "ስለ ራስ ምታቴ ሳትጠይቀኝ ዘጋች እኮ" አላት ሚስቱን።

"ታዲያ ቅር አለህ?"

"አይ" አለ ጃኬቱን እየለበሰ። "አናጢ ልፈልግላት።"